ዳክዬዋ ለገና ትደርሳለች

ሆኪቲካ፣ ሜይ 16 ቀን 1993

ለውድ የወንድሜ ልጅ ለፊኖላ፤

ይህ ደብዳቤ ሆድሽ ጠግቦ፣ እግርሽ ሞቆ፣ ልብሽ ተረጋግቶ ያግኝሽ። እኔ አጎትሽ ክላሪ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ዶሮዎቹም ደህና ናቸው። ዝናቡም ትተሽው እንደሄድሽው ነው፤ አላባራም።

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ስለ ኤደንብራ ብርድና ስለምትሠሪበት ሆቴል ወጥ ቤት የጻፍሽውን ደግሜ አነበብኩት። መጨረሻ ላይ ያለችውን አረፍተ ነገር ግን ስንቴ እንዳነበብኳት አልነግርሽም። «ምናልባት ለገና ኢዋንን ይዤው እመጣ ይሆናል፤ የአባዬ ዳክዬ ብትነሳ ኖሮ ደሴቷን ሁሉ አዞረው ነበር» ብለሻል። እሷን አነበብኩና ቦት ጫማዬን አጥልቄ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

ዳክዬዋ፣ ያቺ ባለ አልጋና ባለ ምድጃ መኪና፣ አባትሽ ያቆማት ቦታ ላይ፣ ጥዶቹ ሥር ናት። ወንድሜ ኔድ ከሞተ ወዲህ ቁልፍ የነካት የለም። በሯን በብረት ፈልቅቄ ከፈትኩት። አንቺ ልጅ ሆነሽ የምትተኚበት አልጋ ላይ አንዷ ዶሮዬ ዕንቁላል ታቅፋ ተቀምጣለች። ምድጃው አጠገብ ወለሉን በስቶ ፈርን የሚሉት የጫካ ተክል በቅሎበታል፤ ቁመቱ እስከ መስኮቱ ይደርሳል። አባትሽ ይህን ቢያይ ይስቅ ነበር ወይስ ያለቅስ? አላውቅም።

ራዊሪን ጠራሁት። ታስታውሺዋለሽ፤ የከሰል ማዕድኑ መካኒክ፣ ከአባትሽ ጋር ራግቢ ይጫወት የነበረው። አሁን እንደኔ ጡረታ ወጥቷል። መጥቶ ዞራትና ካቻቢቴ ከኪሱ አውጥቶ ጎኗን ወጋ አደረገው። ካቻቢቴው እስከ እጀታው ገባ።

«ክላሪ፣ ይሄ መኪና አይደለም» አለኝ። «የሻይ ማጥለያ ነው።»

«ይበየዳል?»

«ምኑ ከምኑ? አየር ከአየር?»

«ፊኖላ ለገና ትመጣለች።»

ኮቱን አውልቆ የጥዱ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀለው። «እንግዲህ ዶሮዋን አስወጣት» አለ።

ስለዚህ ጀምረናል። ኢዋን ለሚሉት ሰውሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። አምላክ ከክፉ ይጠብቅሽ።

አጎትሽ ክላሪ


ኤደንብራ፣ ጁን 20 ቀን 1993

ለምወድህ አጎቴ ለክላሪ፤

ሰላምታዬ ባሕሩን ሁሉ ተሻግሮ በጤና ያግኝህ፤ ጉልበትህንም ይማርልህ። እዚህ በጋ ነው ይላሉ። እኔ ግን ሹራቤን አላወለቅኩም።

ደብዳቤህን ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ሳነብ ሳቄ አመለጠኝ። ዋናው ወጥ ሠሪ «ድንቹ ሲያርርብሽ ነው የምትስቂው?» ብሎ ተቆጣኝ።

አጎቴ፣ እኔ እኮ እንዲያው ለጨዋታ ያህል ነው የጻፍኩት። ዳክዬዋ እንዲህ ከሆነች ተዋት፤ ራስህንም ራዊሪንም አታድክም። ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ዶሮዋ የተቀመጠችበት አልጋ የኔ መሆኑን ሳነብ ሆዴ ባባ። ዝናብ ሲመታን አባዬ መንገድ ዳር ያቆማትና «ዳክዬ ዝናብ አትፈራም፤ እናንተ ምን ሆናችሁ?» ይለን ነበር። እናቴ ደግሞ በውስጥ ጣሪያው የሚያፈሰውን በድስት ትቀበላለች። ይህን ለኢዋን ብነግረው «እንግዲያው ይህቺን መኪና ማየት አለብኝ» አለ።

ቢሆንላችሁ ደስ ይለኛል። ባይሆንላችሁም እንዳትጨነቁ። ለገና በዓይነ ሥጋ ያገናኘን። ለራዊሪና ለሚስቱ ለሄኒ እጅ ንሣልኝ።

ያንተው ፊኖላ


ሆኪቲካ፣ ኦገስት 8 ቀን 1993

ለውድ ፊኖላ፤

እንደምን ከርመሻል? እኛ በዝናብና በዝገት መሃል፣ ግን በደስታ ከርመናል።

«ተዋት» ያልሽውን ለራዊሪ አነበብኩለት። «አንተዋትም በላት» አለኝ፤ «አሁን ብንተዋት ተጋድማ የቀረች ላም ነው የምትመስለው፤ ጎረቤት ይስቅብናል።» እውነቱን ነው። የታችኛውን ላሜራ ቆርጠን ስናወጣው ከመኪናዋ የቀረው ከጣሪያውና ከመሪው ብዙም አይበልጥም ነበር። ራዊሪ አዲስ ላሜራ ይቆርጣል፣ ያጥፋል፣ ይበይዳል። እኔ ዝገት እፍቃለሁ። ቀኑን ሙሉ ስፍቅ ውዬ ማታ ሳስነጥስ መሐረቤ ቡናማ ይሆናል።

የሥራ ክፍፍላችንም እንዲህ ነው፤ እሱ ይሠራል፣ እኔ እሳደባለሁ። እሱም ይመልስልኛል። መጋዝ ቤት አርባ ዓመት ስሠራ እንዲህ የሳቅኩበት ወር ትዝ አይለኝም። ማታ ብቻዬን ቤት ስገባ ነገ ምን ብዬ እንደምነካው እያሰብኩ እተኛለሁ።

ሞተሩን ወደ ማዕድኑ ጋራዥ ወስዶ ገና ዛሬ የተወለደ አስመስሎ መለሰው። ፍሬኑ ተቀየረ። ሄኒ መጋረጃ እየሰፋች ነው። ስለ ቀለሙ ተጣልተናል፤ እኔ ከታች አረንጓዴ ከላይ ወተት የመሰለ ነበር እላለሁ፣ ራዊሪ ሰማያዊ ነበር ይላል። አንቺ ፍረጂን።

ሁለተኛው ጥያቄ፤ ሰውሽ ቁመቱ ስንት ነው? አዲሱን አልጋ እየሠራን ነው። ራዊሪ በላዩ ተጋድሞ «እኔን ከያዘኝ ስኮትላንዳዊ አይጎድልበትም» ይላል። እኔ ግን ቁርጡን ልወቅ።

ሦስተኛው፣ ቀኑን ጻፊልኝ። አውሮፕላንሽ ክራይስትቸርች መቼ ያርፋል? በዳክዬዋ መጥተን ልንቀበልሽ ነው።

ቸር ያሰማን።

አጎትሽ ክላሪ


ኤደንብራ፣ ሴፕቴምበር 26 ቀን 1993

ለምወድህ አጎቴ፤

ሳልጽፍ ስለቆየሁ ይቅር በለኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው፤ ትንሽም አሞኝ ነበር። አሁን ግን ደህና ነኝ፣ እንዳታስብ።

ፍርዱ ላንተ ነው፤ ከታች አረንጓዴ ነበረች። ኢዋን ረጅም ነው፤ በር ሲገባ ጎንበስ ይላል። ግን ለእሱ ብላችሁ አልጋውን አታስረዝሙት። እግሩን አጥፎ መተኛት ይችላል።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። አባዬ ወረቀቶቹን የሚያስቀምጥበት የብስኩት ቆርቆሮ አንተ ጋ ነው አይደል? የልደት ወረቀቴንና የክርስትና ወረቀቴን ፈልገህ ብትልክልኝ። እዚህ ለአንድ ጉዳይ ይፈልጓቸዋል። ቶሎ ቢደርሱልኝ ደግ ነበር።

ስለ ቀኑ በሚቀጥለው ደብዳቤ እጽፍልሃለሁ። የሆቴሉ ሰዎች የእረፍቱን ነገር ገና አልወሰኑልኝም።

ለሄኒ ስለ መጋረጃው አመስግንልኝ። ባትደክም ይሻል ነበር።

ፊኖላ


ሆኪቲካ፣ ኦክቶበር 24 ቀን 1993

ለውድ ፊኖላ፤

በያለሽበት ጤናና ሰላም ይብዛልሽ።

ወረቀቶቹን አግኝቼ በዚህ ፖስታ ውስጥ ልኬልሻለሁ። ለፓስፖርት ማደሻ እንደሆነ ገብቶኛል። ፖስታ ቤት የምትሠራዋ ሴትዮ «ልትመጣ ነው እንዴ?» ብትለኝ «አዎ» አልኳት። በማግስቱ ከተማው ሁሉ ሰማ። ዳቦ ቤቱም መጠጥ ቤቱም «ዳክዬዋ እንዴት ሆነች?» ነው የሚሉኝ። አንዳንዱማ ስለኔ ጤና ጠይቆ አያውቅም።

ዳክዬዋ እንዴት ሆነች መሰለሽ? ባለፈው ማክሰኞ ሞተሯ ተነሳ። መጀመሪያ አሳላት፣ ቀጥሎ ጥቁር ጭስ ተፋችብን፣ ከዚያ ዝም ብላ ስትሠራ እኔና ራዊሪ ተጨባበጥን። ሄኒ ከቤት ድረስ ሰምታ መጣች።

የቀረን የጭስ ማውጫው ማርሚታ፣ የካምቢዮው መያዣ፣ ከዚያ ቀለሙ ነው። ያስቸገረን ዝናቡ ነው። ቀለሙ እንዲደርቅ ደረቅ ሳምንት ይፈልጋል፤ ደረቅ ሳምንት ደግሞ እዚህ እንደ ጳጳስ ነው፣ ስንት ጊዜ አንዴ ነው የሚመጣው። ደቃቃዋ የወንዝ አሳ የምትጠመድበት ወቅት በመሆኑ ራዊሪ መረቡን ይዞ ወንዝ መውረድ አምሮታል። ከልጅነቱ ጀምሮ አንድ ዓመት ዘሎ አያውቅም። እኔ ግን አለቀውም። «ዘንድሮ አሳው ይቅርብህ፤ ልጅቷ ትመጣለች» እለዋለሁ። እያጉረመረመ ይገባል።

ቀኑን ንገሪኝ እንጂ።

አጎትሽ ክላሪ


ኤደንብራ፣ ኖቬምበር 14 ቀን 1993

አጎቴ፤

ወረቀቶቹ ደርሰውኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። በጥድፊያ ነው የምጽፍልህ።

እባክህ አትቻኮሉ። ዳክዬዋ ባትደርስም ምንም አይደለም። እውነቴን ነው፣ ምንም አይደለም። ራዊሪም ወንዙን ይውረድ። ረዘም አድርጌ እጽፍልሃለሁ።

ፊኖላ


ሆኪቲካ፣ ዲሴምበር 12 ቀን 1993

ለፊኖላ፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ደብዳቤሽ ደርሶኛል።

እዚህ ዝናቡ አባርቷል። ዶሮዎቹ በደንብ ይጥላሉ። ጉልበቴ ያው ነው። ስትመጪ ምንም ነገር ይዘሽ እንዳትመጪ፤ ሁሉም አለ። ስለ መኪናዋ ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

ክላሪ


ኤደንብራ፣ ዲሴምበር 15 ቀን 1993

ለምወድህ አጎቴ ለክላሪ፤

ይህ ደብዳቤ ካንተ ዘንድ ሲደርስ ገና እንደሚያልፍ አውቃለሁ። ስልክ ለመደወል ቀፎውን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ድምፅህን ብሰማ የምናገር አልመሰለኝም።

አልመጣም፣ አጎቴ። ለገናም፣ ከገና በኋላም ለጊዜው አልመጣም።

እኔና ኢዋን በኖቬምበር ተጋባን። ወረቀቶቹን የፈለግኳቸው ለዚያ ነበር። ድግስ አልነበረም፤ የወጥ ቤቱ ሰዎች ኬክ ጋገሩልን፣ አለቀ። ያቻኮለንም ነፍሰ ጡር በመሆኔ ነው። በኤፕሪል እወልዳለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ ፅንስ ወርዶብኝ ነበር፤ ያንን አልነገርኩህም። አሁን ሐኪሟ ረጅም መንገድ እንዳልሄድ ከልክላኛለች። የከለከለችኝ በሴፕቴምበር ነው።

አዎ፣ በሴፕቴምበር። የአልጋውን ርዝመት ስትጠይቀኝ አውቀው ነበር። መጀመሪያ ይህኛውም እንዳይወርድ ፈርቼ ለማንም አልናገርም አልኩ። ቀጥሎ ደግሞ ያ ሞተሩ ተነሳ ያልክበት ደብዳቤ መጣ። እንዲህ ደስ ብሎህ ስትጽፍልኝ የመጀመሪያዬ ነው። «አልመጣም» ብዬ እጽፍና እቀደዋለሁ። «አትቻኮሉ» ብዬ የጻፍኩልህ ይገባዋል ብዬ ነበር። እንዴት ይግባህ?

ከተማው ሁሉ እየጠበቀኝ መሆኑን ሳስብ አፍራለሁ። ራዊሪንና ሄኒን ይቅርታ ጠይቅልኝ። ዳክዬዋ ትቆየኝ፤ ልጄ ሲያድግ እንመጣለን።

የምትወድህ ፊኖላ


ሆኪቲካ፣ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1994

ለፊኖላ፤

እንደምን አለሽ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆይቷል። መልስ ለመጻፍ እቀመጥና እነሳለሁ። አሁንም ብነሳ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ሌላ ሰው ቢነግርሽ ይብሳል።

ራዊሪ ቀኝ እጁን አጥቷል። ከክርኑ በታች ቆርጠውታል።

የሆነው በኖቬምበር መጀመሪያ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ዘንቦ ነበር። ጠዋት ራዊሪ ሲመጣ መሬቱን በጫማው ረገጥ ረገጥ አድርጎ አየው። «ዛሬ ሥሯ አልገባም» አለኝ። «ጭቃ ነው፤ ክሪኩ ይሰምጣል። ነገ ከመጋዝ ቤት የሞራሌ እንጨት እናምጣና ከሥሩ እናነጥፍ።»

እኔ የምቆጥረው ቀለሙ የሚደርቅበትን ቀን ነበር። «ነገ፣ ነገ! ልጅቷ አውሮፕላን ማረፊያ ቆማ ሞራሌ ትጠብቅ?» አልኩት።

«ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ» አለኝ።

«አሳህ ነው ያማረህ፣ አውቄብሃለሁ። ሰነፍክ እንዴ ሽማግሌው?»

እንደምንቀላለደው ነበር ያልኩት። እሱም እንደ ቀልድ ሳቀና «እሺ ጌታዬ» ብሎ ማርሚታውን ይዞ ሥሯ ገባ። እኔ ባትሪ አበራለት ነበር። ክሪኩ መጀመሪያ በቀስታ ሲሰምጥ በዓይኔ አየሁት። «ውጣ» ያልኩ ይመስለኛል። ደረቱን ማውጣት ቻለ፤ እጁ ግን ከሥር ቀረ። አልጮኸም። «ክላሪ፣ አንሳት» አለኝ፣ ማንኪያ አቀብለኝ እንደማለት በቀስታ። እኔ ላነሳት አልቻልኩም። ሁለት እጅ እያለኝ አልቻልኩም። መንገድ ድረስ ሮጬ የወተት መኪና አስቆምኩና ሹፌሩ ከረዳቱ ጋር መጥተው አነሱለት።

ሆስፒታል አንድ ጊዜ ሄድኩ። ሄኒ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር። ኮቱን፣ ያንን ጥዱ ላይ የሚሰቅለውን፣ አንጠልጥላለች። አየችኝና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሳልገባ ተመለስኩ፤ ራዊሪን ከአደጋው ወዲህ አላየሁትም። ከሆስፒታል ከወጣ ጀምሮ በየሳምንቱ ከሰል በባልዲ፣ አንዳንዴም አሳ፣ በራቸው ላይ አስቀምጬ ሳላንኳኳ እመለሳለሁ። ዳክዬዋ ላይ ሸራ ጥዬባታለሁ። ማየት አልችልም።

አንቺን ተጠያቂ ላደርግ አይደለም። «ሰነፍክ እንዴ» ያለው አፍ የኔ ነው። ግን ልዋሽሽም አልፈልግም። ደብዳቤሽን አንብቤ «በሴፕቴምበር» የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ከቤት ወጣሁ። አንድ መስመር ብትጽፊልኝ ኖሮ በኖቬምበር እሱ ወንዝ ዳር ነበር፣ መረቡን ይዞ። ይህን አስቤዋለሁ፤ አስቤውም ደብቄ ልኖር አልቻልኩም።

በማርገዝሽ ደስ ብሎኛል። ደስታዬን እንደሚገባ አድርጌ መጻፍ ግን ዛሬ አልሆነልኝም። ራስሽን ጠብቂ።

ክላሪ


ኤደንብራ፣ ማርች 13 ቀን 1994

ለአጎቴ ለክላሪ፤

ሰላም ልልህ እንኳ አፍሬ ነው የምጀምረው።

ደብዳቤህን ኢዋን ነው ያነበበልኝ፤ እኔ ግማሹ ላይ አቃተኝ። ያልከው ሁሉ እውነት ነው፤ አላስተባብልም። አንድ መስመር ነበር የሚፈለግብኝ። የፖስታ ቴምብሩ እንኳ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

አሁን ወጥ ቤት ሽንኩርት ስከትፍ ቢላዋውን የያዘውን ቀኝ እጄን አያለሁ። ኢዋን «ምን ሆንሽ?» ሲለኝ ሽንኩርቱ ነው እላለሁ።

ለሄኒና ለራዊሪ የጻፍኩት በዚህ ውስጥ አለ፤ አድርስልኝ። በውስጡ የባንክ ቼክ አለ፤ ያለኝ ያ ነው። ዳክዬዋም ለራዊሪ ትሁን። ከአባዬ የወረስኳት እኔ ነኝና መስጠት እችላለሁ። ይሽጣት፣ ይስበራት፣ እንደፈለገ ያድርጋት። ሌላ ምን እንደማደርግ አላውቅም። ምን ላድርግ፣ አጎቴ? አንተ ብትነግረኝ አደርገዋለሁ።

ቁጣህ ባይበርድም ጻፍልኝ። ዝምታህን ነው የምፈራው።

ፊኖላ


ሆኪቲካ፣ ሜይ 29 ቀን 1994

ለውድ ፊኖላ፤

እንኳን ማርያም ማረችሽ። ልጅቷን በእድሜ በጤና ታሳድግልሽ። የላክሽውን ፎቶግራፍ አየሁት፤ የኔድን ግንባር ይዛለች፣ ምን ታደርጊዋለሽ። ደስታዬን በፌብሩዋሪ ያልጻፍኩትን አሁን ጨምሬ እጽፋለሁ። ደስ ብሎኛል።

መልሴ የዘገየው ብዙ ነገር ስለሆነ ነው።

ደብዳቤሽን በተለመደው መንገድ ነበር ያደረስኩት፤ ከባልዲው በታች አድርጌ ሮጥኩ። ከጥቂት ቀን በኋላ በጠራራ ፀሐይ በሬ ተንኳኳ። ሄኒ ናት። የከሰል ባልዲዎቼን ሁሉ፣ አንዱን ባንዱ ውስጥ ሰክታ፣ ተሸክማ መጥታለች።

«ባልዲዎችህ» አለችኝና በሩ ላይ አስቀመጠቻቸው።

«ሄኒ፣ እኔ…»

«ቆይ እኔ ልናገር። እሱ በመስኮት ያይሃል። ባልዲውን አስቀምጠህ አጥር ለአጥር ስትሸሽ በየሳምንቱ ያይሃል። መጀመሪያ ‹እዩት ይሄን ሌባ› እያለ ይስቅ ነበር። አሁን አይስቅም። መምጫህን ቆጥሮ ወንበሩን ወደ ግድግዳ ያዞራል።»

ባልዲዎቹን አንስቼ ወደ ውስጥ አስገባኋቸው።

«እኔ ተቆጥቼብሃለሁ» አለች። «ገናም እቆጣለሁ። የኔ ቁጣ የኔ ነው፤ አንተ ከሱ መደበቂያ አታድርገው። ኮትህን ልበስ።»

ከኋላዋ እየተከተልኩ ሄድኩ። ራዊሪ ምድጃው አጠገብ ተቀምጧል። ከስቷል። እጅጌው በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። እኔ ዓይኔን የማሳርፍበት አጣሁ።

«ተቀመጥ» አለኝ።

ተቀመጥኩ።

«እጄን ክሪኩ ወሰደው። እሺ። አንተን ማን ወሰደህ?»

ፊኖላ፣ ስልሳ አምስት ዓመቴ ነው፤ ሰው ፊት አልቅሼ አላውቅም ነበር። እሱ እስክጨርስ ጠበቀኝ። ከዚያ «ዳክዬዋስ?» አለ።

«አቃጥላታለሁ።»

«ያንተ ናት እንዴ? አይደለም። የልጅቷ ናት። ልጅቷም ለኔ ሰጥታኛለች፤ ደብዳቤዋን አንብቤዋለሁ። እጄን የከፈልኩባትን መኪና አንተ አታቃጥላትም። ትጨርሳታለህ።»

«መበየድ አልችልም።»

«አውቃለሁ። እኔ እያየሁህ ስትቸገር ደስ ይለኛል።»

በማግስቱ መጣ። ሞራሌ አነጠፍን፣ በሞራሌው ላይ ብረት፣ በብረቱ ላይ ክሪኩን፣ ከክሪኩ ሌላ ደግሞ በአራቱም ማዕዘን ታኮ። እንዲያም ሆኖ ሥሯ ከመግባቴ በፊት አራቱንም ታኮ ደግሜ በእግሬ መታሁ። ራዊሪ ወንበሩን አስጠግቶ አየኝ። ገባሁ። ማርሚታው እንደወደቀ እዚያው ነበር። አንስቼ አሰርኩት።

መበየድን በስድብ አስተማረኝ። የመጀመሪያውን ሥራዬን ሲያይ «ይሄ ብየዳ ነው ወይስ በረሮ የሞተበት?» አለ። ሦስተኛውን ሲያይ ዝም አለ፤ ከሱ ዝምታ ምስጋና ነው። አንዳንዴ ግን መዶሻ ለማቀበል የሌለውን እጁን ይዘረጋል። እሱም ያየዋል፣ እኔም አየዋለሁ። ከዚያ እኔ ተነስቼ መዶሻውን አመጣለሁ። ይህ እንዲቀልልኝ አልጠብቅም። አልቀለለኝም።

ቀለሙን የቀባነው በኤፕሪል መጨረሻ፣ ደረቁ ሳምንት ሲመጣ ነው። ፍተሻ ወስደናት በመጀመሪያው ወደቀች፤ በሁለተኛው አለፈች፣ ቦሎዋን ለጠፉላት። መሪውን ግን ሄኒ ያዘች። «እሱ አይችልም፣ አንተን አላምንም» አለችኝ። ትክክል ናት።

ባለፈው እሑድ ወደ ሐይቁ ወሰደችን። ሦስታችንም ፊት ወንበር ላይ ተጣበን፣ እኔ መሃል። ጭጋጉ ተገልጦ ተራሮቹ ውሃው ላይ ቁልቁል ተዘቅዝቀው ይታዩ ነበር። ሄኒ የበግ ሥጋ በምድጃው ላይ ጠበሰች። ሳህኖቹን ስታቀርብ፣ አሁን ነው ብዬ ለመናገር ተነሳሁ። ከኖቬምበር ጀምሮ ስደረድረው የነበረ ንግግር ነው። «ራዊሪ፣ እኔ በዚያን ቀን…» ብዬ ስጀምር ሳህኑን በግራ እጁ ወደኔ ገፋው።

«መጀመሪያ ሥጋውን ቁረጥልኝ» አለ። «ይበርዳል።»

ቆረጥኩለት። በልተን ጨረስን። ንግግሩን አልጨረስኩትም፤ እሱም ቀጥል አላለኝም። ከዚያ ወዲህ አብረን በምንበላበት ጊዜ ሁሉ እኔ ነኝ የምቆርጥለት። ሰው ቢያየንም።

ምን ላድርግ ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። እኔ የማውቀው ይህንኑ ነው። ቼክሽን ሄኒ መልሳለች፣ እዚህ ውስጥ አድርጌዋለሁ፤ ለሕፃኗ ጫማ ግዢበት። ደብዳቤሽን ግን አስቀርታዋለች። ምን እንደምጽፍልሽ ጠየቅኳት። ልብስ ታጥፍ ነበር፤ ቀና ሳትል «ልጇን ይዛ ትምጣ» አለች። «ስትመጣ ግን ቶሎ እንደማልስቅላት ንገራት። አልደብቃትም።»

ስለዚህ አቅሙ ሲኖርሽ ነይ። እኔን ብቻ አይተሽ እንዳትመለሺ። መጀመሪያ ወደ እነሱ ቤት ሂጂ፣ በሩን አንኳኪ፣ ከፍተው እስኪያስገቡሽም አትሽሺ። የመመለሻ ትኬትሽንም ራቅ ላለ ቀን ቁረጪው። ሄኒ ጊዜ ትፈልጋለች።

አጎትሽ ክላሪ